ለሁለት ሩብ ጉዳይ

እናቱ የግራ እጁን አንጓ ጨምድዳ ስትይዘው በቀኝ እጁ ያሉት ካርታዎች ሊበተኑ ምንም አልቀራቸውም። ካርቲየ 2 በሚባለው የወደብ ከተማዋ ሰፈር ካለው ሱቅ ጓሮ፣ ቁማር ላይ እንደምታገኘው ማን እንደነገራት አልጠየቀም። “ተነስ! የባክ መልቀቂያ ፈተናህ ሁለት ሰዓት ላይ ይጀመራል፣ አሁን ለሁለት ሩብ ጉዳይ ነው። ታክሲው በር ላይ ቆሟል” አለችው። ወደ የመን የሚያሻግረውን ጀልባ የሚጠብቀው ጫላቸው ከፊት ለፊቱ ሆኖ ሳቀ። “እትዬ፣ እሱ እኮ ከማለዳ ጀምሮ እኛን ሲፈትነን ነው ያረፈደው።”

ልጁ ዓይኑን ከካርታው አላነሳም። አንድ ሰባት ቁጥር ከመጣለት ጨዋታውን ይዘጋል፤ መሃል የተከመረው፣ የሁለት ወር የቤት ኪራይ የሚያህል ገንዘብም የእሱ ይሆናል። ጎትታ እንድታወጣው ፈለገ፤ ብቻውን መነሳት እንደማይችል ካወቀ ቆይቷል። ጣቶቿ ሲጠብቁ ግማሽ ያህል ከመቀመጫው ተነሳ።

እናቱ ግን ጎንበስ ብላ ካርታዎቹን ታይ ነበር። ቀጥላ መሃል ያለውን ገንዘብ አየች። ታክሲው ሁለት ጊዜ ጥሩምባውን ነፋ።

“ስንት ቀረህ?” አለችው ጆሮው ሥር።

“አንድ።”

አንጓውን ለቀቀችና ነጠላዋን ሰብስባ አጠገቡ ቁጭ አለች።

“በል ሳብ” አለችው፣ “ቶሎ በል።”