እያንዳንዷ ቁራጭ በስሟ

ሰፈሩ ሰውየውን «መዝገብ» እያለ ነበር የሚጠራው። የማን ልጅ መቼ እንደተወለደ፣ የማን ስልክ ቁጥር ስንት እንደሆነ፣ ሳይጽፍ የሚይዝ ሰው ነበር። ሥራው ድረ ገጽ መሥራት ነው፤ ለሱቅ፣ ለክሊኒክ፣ ለትምህርት ቤት። ቢሮው የቤታቸው የፊት ክፍል ናት፤ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ሲጢጥ የምትል ወንበር፣ ስልክ የምታነሳ ሚስት።

የድሮ ሥራው ሁሉ አንድ ወጥ ነበር። ጫፉን ቢነኩት መሐሉ ይፈርሳል። እሱ ግን በቃሉ ይዞታል። ደንበኛ ደውሎ «የመላኪያው ቁልፍ እምቢ አለ» ሲለው ዓይኑን ይጨፍንና «ቆይ፣ ኮዱ ሺህ አርባኛው መስመር አካባቢ አንዲት ምልክት ጎድላለች» ይላል። ሄዶ ሲያይም እውነትም ጎድላ ያገኛታል። ከሱ በቀር የሚደፍረው አልነበረም። ሚስቱ በዚህ ትኮራለች፤ በልቧም ትጽናናለች። የማይተካ ሰው የትም አይሄድማ።

አንድ ሰኞ ጠዋት፣ «አዲስ ፍሬምወርክ ልንጀምር ነው» አላት።

«እሱ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?»

«መዋቅር በይው። ገጹን ቆራርጠሽ ትሠሪያለሽ። የፍለጋው ሳጥን ለብቻው፣ የቀጠሮው ቅጽ ለብቻው፤ እያንዳንዷ ቁራጭ ስሟ ግንባሯ ላይ ተጽፎ። ማገጣጠሙን መዋቅሩ ራሱ ያውቅበታል። አንዷን ለመጠገን ሌላውን ሁሉ ማወቅ የለብሽም።»

«አንተ ደግሞ የማታውቀው አለ እንዴ!» ብላ ሳቀች። እሱ ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጠ ነበር።

በሳምንቱ ሠራተኛ ቀጠረ። ሠላሳ አምስት የሚሆናት፣ ባል የሌላት፣ ወፍራም መነጽር የምታደርግ ሴት። ሚስትየው «መነጽራሟ» ብላ ስም አወጣችላት።

ሥራው እንኳ፣ እውነት ለመናገር፣ ተቃና። ሦስት ሳምንት የሚፈጀው በአንድ ሳምንት ያልቅ ጀመር። ለክሊኒኩ የተሠራችው የቀጠሮ ቅጽ ቀለሟ ብቻ ተቀይሮ ለትምህርት ቤቱ ሆነች። አንድ ነገር ሲበላሽ ደንበኛ ሳይደርስበት ኮምፒውተሩ ራሱ «እዚህ ጋ ነው» ብሎ በቀይ ያሳብቃል። መነጽራሟም እሱን ሳትጠራ ብቻዋን ትጠግን ጀመር። ያኔ ነው ሚስትየው ሁለቱን በዓይኗ መከታተል የጀመረችው።

ሃያ ሁለት ዓመት በስሟ ሲጠራት የኖረ ባል ድንገት «የኔ ዓለም» ማለት አመጣ። «የኔ ዓለም፣ ሻይ አለ?» «የኔ ዓለም፣ ማን ነው የደወለው?»

«አንቺ ሞኝ!» አለቻት እህቷ። «ወንድ ሲጣፍጥ ጠርጥሪ። ንጹሕ ባል ሚስቱን በስሟ ነው የሚጠራት።»

«ለሥራ እኮ ነው የቀጠራት።»

«ታዲያ ደንበኛ ጋ ሲሄድ ምን ትከተለዋለች? ሲመለስስ እስከ በራፍ ምን ታደርሰዋለች? ሙሽራ ነው?»

ሐሰት አልነበረም። መነጽራሟ በር ድረስ ታመጣዋለች፤ ሚስትየው ስትከፍት ደግሞ ዓይኗን ሰብራ እብስ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት «ትምህርት ቤቱ ጋ ነን» ብለው ይወጣሉ። አንድ ማክሰኞ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ራሱ ደወለ።

«መዝገብ አለ? ምነው ጠፋብን፣ ከተያየን ወር አለፈን እኮ» አላት።

ስልኩን ዘጋችና በመስኮት መንገዱን ትጠብቅ ጀመር።

ይባስ ብሎ ፍሬምወርኩ ከኮምፒውተር ወጥቶ ኩሽና ገባ። ባልየው መደርደሪያው ላይ ወረቀት ለጣጠፈበት፦ «ስኳር»፣ «ጨው»፣ «ብርጭቆ»። መጀመሪያ ሳቀችበት። ለእህቷ ስትነግራት ግን እህትየው አልሳቀችም።

«ሊሄድ የተነሳ ሰው ነው ቤቱን እንዲህ የሚያሰናዳው። ሥራውን ለሷ አስረከበ፤ ኩሽናሽን ደግሞ ላንቺ።»

ሚስትየው እንደተቃጠለች ቤቷ ገብታ ወረቀቱን ሁሉ ቦጫጭቃ ጣለችው።

«ኩሽናዬ ያንተ ኮምፒውተር አይደለም! ወይስ እሷ ናት ያዘዘችህ?»

ባልየው የተቀደደውን ወረቀት ከወለል ለቃቀመና ኪሱ ከተተ። በነጋታው ሻዩን ራሱ ቀዳ፤ ሁለት ማንኪያ ጨው ጨመረበት። ዓይኗ እያየ፣ ፊቱን እንኳ ሳያጨማድድ ጥርግ አድርጎ ጠጣው።

«እልኸኛ!» አለች በልቧ።

ማክሰኞ ደረሰ። ጠዋት ዝናብ መትቶት ስለነበር ኮቱን ወንበሩ ላይ አስጥቶታል። ከሰዓት፣ እሱ ደጅ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ሚስትየው መነጽራሟን ኮሪደሩ ላይ ያዘቻት።

«ባሌን የት ነው የምትወስጂው?»

መነጽራሟ መነጽሯን አወለቀች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

«እትዬ፣ እባክዎ ከኔ አፍ አይስሙት። ለጋሼ ቃል ገብቻለሁ።»

«ቃል ተገባብታችኋል! በይ ሂጂ፣ ሂጂ ከፊቴ!»

በሩ ተዘጋ። ሚስትየው ተመልሳ ቢሮው ገባች። ሃያ ሁለት ዓመት! ቢያንስ አንድ ቀን «ጠላሁሽ» ቢላት፣ ቁርጧን ባወቀች። እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ እርጥቡን ኮት አነሳችና ኪሱን በረበረች። መጀመሪያ የወጣው ያው የተቀደደው የኩሽናዋ ወረቀት ነው። ቀጥሎ አንዲት ቀይ ማስታወሻ ደብተር።

ደብዳቤ ነበር የጠበቀችው፤ የዚያችን ሴት ስም ነበር የጠበቀችው። ደብተሯ ግን እንደ ሥራው ነበረች፤ በየገጹ አንድ ጉዳይ ብቻ፣ አናቱ ላይ ርእስ። የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ «በር» ይላል። ከሥሩ በገዛ እጁ ጽሑፍ፦

«በሩን የምትከፍትልህ ሴት ሚስትህ ናት። ስሟ ከጠፋህ ‹የኔ ዓለም› በላት፤ እንዳታውቅብህ።»