ላስነጠሰው ሰው

ቧንቧ ሠራተኛው ሱሩር የኸሊዳ ኩሽና ውስጥ ተንበርክኮ ለእቃ ማጠቢያው ቧንቧ ማሳለፊያ ወለሉን በግራይንደር ቆረጠ። አዋሽ ሰባት ኪሎ ከተማ ያለው ይህ ቤት የቆመው አለት ላይ ነው። ሳይጀምር እንደ ልማዱ ሴራሚኩን በመዶሻው እጀታ አንኳኩቶ ነበር፤ ሁሉም ድፍን ነው፤ ከሥሩ ክፍት ቦታ የለም።

ግራይንደሩን አጥፍቶ የተቆረጠውን ሲያነሳ ነጭ አቧራ ቤቱን ሞላው። ወዲያው ሴት ስታስነጥስ ሰማ።

"አልሐምዱሊላህ" አለች።

"የርሐሙኪላህ፣ ይማርሽ እህቴ" አለ ቀና ሳይል። "ጨርሻለሁ፤ መስኮቱን ክፈቺው።"

ፍርስራሹን ሊዝቅ እጁን ቀዳዳው ውስጥ ከተተ።

ኸሊዳ የውሃ ጀሪካን ተሸክማ ከውጭ ገባች።

"ከማን ጋር ነው የምታወራው?"

"ስታስነጥሺ ነዋ የመለስኩልሽ።"

"እኔ? አሁን ከቦኖ መምጣቴ እኮ ነው። ቤት ውስጥ ከአንተ በቀር ሰው የለም።"

የሱሩር እጅ አሁንም ቀዳዳው ውስጥ ነው። ጣቶቹ ላይ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ተሰማው፤ ከሥሩ ማስነጠስ መጣና አቧራው ፊቱ ላይ ቡን አለ።

"አልሐምዱሊላህ" አለ ያው የሴት ድምፅ፣ ከወለሉ ሥር።

ሱሩር እጁን መንጭቆ አወጣ። ድምፁ ከሥር ተከተለው።

"ምነው ወንድሜ፣ አሁንስ አትመልስልኝም?"