ዝቅ ብሎ የሚዘረጋ መርገጫ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ለፒካፑ በራሱ የሚዘረጋ መርገጫ የሚያስገጥም ሰው ወይ ወፍራም ሚስት አለችው፣ ወይ ሊያስቀናው የሚፈልግ ጎረቤት አለው። ይታያል የሚባለው ደንበኛ ግን ከሁለቱም የሚመደብ አይመስልም ነበር። ፀሐይ ያከሰለው ቀጭን፣ ቁረይሻ በተባለው የገዳሪፍ ገጠር የሚኖር ገበሬ ነው፤ ከመኪናውም የወረደው ዘሎ ነው።

«በሩ ሲከፈት የሚዘረጋ፣ ሲዘጋ የሚታጠፍ ነው የምፈልገው» አለ፣ ጎንደሬነቱን በማይደብቅ አነጋገር። «በሁለቱም በኩል ግጠመው። ዋናው ግን የተሳፋሪው በኩል ነው።»

መኪናው የገባበት የብየዳ ወርሻ ባለቤት ሱዳናዊ ነው። ሠራተኛውን በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ «ሐበሺ» ይለዋል። ሠራተኛውም አልከፋውም። ከስደተኞች ካምፕ ያለ ፈቃድ ለወጣ ሰው ስም ጣጣ ነው። እውነተኛ ስሙ ካላዩ ነው፤ ሁመራ ሳለ የታወቀ በያጅ ነበር።

ካላዩ ፒካፑን በክሪክ አንስቶ ከሥሩ ገባ። መርገጫው የሚታሰርበትን ቦታ ለማጽዳት ጭቃውን ሲፍቅ እጁ ቀጥ አለ። ሻንሲው ላይ የድሮ ብየዳ አለ። ካላዩ ግራኝ ነው፤ ብየዳው ከሌላው ሰው በተቃራኒ ይተኛል። ይህን የበየደው እሱ ራሱ ነው።

ታርጋው የሱዳን ነው፣ ቀለሙም ተቀይሯል። መኪናው ግን የአባቱ የኣስፋሃ ነው።

ጦርነቱ የመጣ ጊዜ ኣስፋሃ ልጁን «አንተ ቀድመህ ተሻገር፤ እኔ መኪናዋን ይዤ እደርሳለሁ» ብሎ ሁመራ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ካላዩ አዲስ ስደተኛ በመጣ ቁጥር ይጠይቃል፤ አየሁት የሚል የለም። ሞቷል ብሎ እንዳያለቅስ ሟርት ይሆንበታል፤ አለ እንዳይል ማን ይመስክርለት? ቁርጡን ቢያውቅ ለእሱ ትልቅ እረፍት ነበር።

አሁን ከመኪናው ሥር ሆኖ የይታያልን ጫማ እያየ፣ ቁርጡን ያወቀ መሰለው። መፍቻው ከእጁ ወደቀ።

«ምን ሆንክ?» አለ ይታያል።

«ምንም። ቡሎኑ ዝጎ ነው።» መፍቻውን አነሳና «መኪናዋን ከየት ገዟት ጋሼ?» አለ።

«አልገዛኋትም። የአደራ ናት።»

ካላዩ ጥርሱን ነከሰ። ዘርፎ አደራ ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመው የመጀመሪያው ነው።

«መርገጫውን በጣም ዝቅ አድርገው» አለ ይታያል።

«ድንጋይ ይመታዋል።»

«ይምታው። እግር ካልደረሰበት ምን ይሠራል?»

ሽቦውን ወደ ውስጥ ለማሳለፍ ካላዩ የተሳፋሪውን በር ከፈተ። ወንበሩ ላይ ትራስና ከዘራ አለ። ከዘራውን አገላብጦ አየው፤ የአባቱ አይደለም። ኣስፋሃ በስድሳ ዓመቱ ወጣት የሚቀድም ሰው ነበር፤ ከዘራ ይዞም አያውቅም።

ይታያል የወርሻው ባለቤት ራቅ እስኪል ጠብቆ ተጠጋው።

«አንተ የየት አገር ልጅ ነህ?»

«የአዲግራት።»

«ስምህስ?»

«ሃብቶም።»

«ሁመራ በያጅ የነበረ ካላዩ የሚባል ልጅ ታውቅ ይሆን? በየወርሻው ስጠይቅ ከረምኩ፤ የሚያውቀው አጣሁ።»

ካላዩ ሽቦውን መሳብ ቀጠለ። «ለምን ፈለጉት?»

«ለራሱ ነው የምነግረው። የሰው ነፍስ ያለበት ነገር ለሌላ ሰው አይነገርም።»

ሁለቱም የቆላ ሰዎች ናቸው፤ በቆላ ደም ይመለሳል። ገዳይ የሟች ወንድ ልጅ በሕይወት እስካለ ድረስ ተመቻችቶ አይተኛም፤ ፈልጎ ይቀድመዋል። ይህን ለካላዩ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። ገዳሪፍ ውስጥ ደግሞ ለአንድ ስደተኛ ደም የሚጮህለት የለም።

«አውቀው ነበር» አለ ዓይኑን ከሽቦው ሳይነቅል። «ሞቷል። ሲሻገር ውሃ ወሰደው።»

«በዓይንህ አይተሃል?»

«ከውሃው አውጥተን የቀበርነው እኛ ነን።»

ይታያል ባርኔጣውን አወለቀ። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። «ነፍስ ይማር» አለ። ካላዩ ልቡ ተመለሰለት፤ ከእንግዲህ የሞተን ሰው ማን ያሳድዳል?

ሥራው ሲያልቅ የወርሻው ባለቤት በሩን ከፈተ፤ መርገጫው ቀስ እያለ ወርዶ መሬት ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ቆመ። ዘጋው፤ ታጠፈ። «ተማም!» ብሎ አጨበጨበ። ይታያል ዞር ብሎም አላየውም። ቁልፉን ተቀብሎ ሄደ።

ካላዩም ገዳሪፍ አልቆየም። ሰውየው ሐሳቡን ቀይሮ ቢመለስስ? በማግስቱ የት እንደሚሄድ ለማንም ሳይናገር ወደ ከሰላ የሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈረ። ማሽላ የሞላበት ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ እስከዚያ ቀን ያላለቀሰውን ልቅሶ ለአባቱ ሙሉውን መንገድ አለቀሰ። እርሙንም አወጣ።

ይታያል ቁረይሻ ሲደርስ ለቤተሰቡ እንኳ ትንፍሽ አላለም። ሲነጋ ሁለት ሽማግሌ ጎረቤቶቹን ቀሰቀሰና ከጓሮው ወዳለው ራኩባ፣ የሣር ዳሱ ውስጥ፣ ይዟቸው ገባ። ሦስቱም ከአልጋው አጠገብ ተቀመጡ። የተኛው ሰው ከዘራውን ተደግፎ ቀና አለ።

«አያ ኣስፋሃ» አለ ይታያል፣ «ይጽኑ፤ ካላዩ አርፏል።»