የላላው ብሎን

የጥርስ ሐኪሙ የተከለው ጥርስ በላላ ቁጥር፣ ጥፋቱን በታካሚው ማላከክ ይችልበታል። መጀመሪያ በአፍ መመልከቻ መስታወቱ እጀታ የራሱን የተተከለ ጥርስ ኳ ኳ ያደርግና፣ «ሰማችሁ? ባለቤቱ ከተጠነቀቀ አጥንት የቲታኒየሙን ብሎን እንዲህ ነው ጭምድድ አድርጎ የሚይዘው!» ይላል።

ዛሬ ወንበሩ ላይ ያሉት አሮጊት፣ ከተከለላቸው አራት ጥርሶች አንዱ ሲነካ ይወዛወዛል። አጥንቱ ብሎኑን ሳይዝ ተቻኩሎ ጥርሱን የጫነበት ራሱ መሆኑን አሳምሮ ያውቃል።

«እማማ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ?»

«ኧረ ልጄ፣ ሽታውም አይስማማኝ!»

«እንግዲያው አይቦርሹም። በዚህ አፍ ብሎን ቀርቶ የስልክ እንጨት ቢተከል አይጸናም!»

አሮጊቷ አፍረው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እሱም «ለዚች ደግሞ!» ብሎ፣ ማደንዘዣ ሳይወጋቸው ብሎኑን ወደ ግራ አዞረው።

በገዛ መንጋጋው ውስጥ ያለው ብሎን አብሮ ዞረ።

ሁለተኛ ሲያዞር ጭንብሉ ከውስጥ በደም ራሰ። ሊያቆም ፈለገ፤ ጣቶቹ ግን እምቢ አሉት፣ ማዞራቸውን ቀጠሉ።

አሮጊቷ ዓይናቸውን ገለጡ።

«እኔን ምንም አላመመኝም፣ ልጄ» አሉት። «የቀሩትን ሦስቱንም ንቀላቸው።»