ክዳኑን ማን ከፈተው

ፊልሙ ከማጠቢያው ጥቁር ሆኖ ወጣ። ጋሽ ሀብተወልድ አንሥተው ወደ መብራቱ አስጠጉት። አንድም ፊደል አይታይበትም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሰል መስሏል።

«ሌላ ገጽ ልላክ?» አለች መክሊት ከፊት ለፊቱ ክፍል።

ላከች። እሱም ጠቁሮ ወጣ።

ከጥቂት ደቂቃ በፊት እኮ የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ ሁሉ አጨብጭቦ ነበር። የሚታተመውን ገጽ ፊልም ላይ የሚያወጣው አሮጌ ማሽን ከአዲሶቹ ኮምፒውተሮች ጋር አልነጋገር ብሎ፣ ጋሽ ሀብተወልድ ሥራውን ሁሉ በዲስክ እያመላለሱ ነበር የሚያወጡት። የዲስክ ማንበቢያው ሲበላሽ ባለቤቱ ኸሊፋ መክሊትን አስጠራት። ከከተማው ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ተመርቃ፣ ወደ አገሯ ሳትመለስ እዚሁ ሲቀላ ውስጥ ሥራ ስትፈልግ የከረመች ልጅ ናት። ገመድ ዘረጋች፤ ከማሽኑ ጋር የሚሠራውን አሮጌ ኮምፒውተር ከኔትወርኩ ጋር አገናኘችው። ከላፕቶፗ የላከችው የልጆች የጋሞኛ ማንበቢያ ገጽ ግድግዳ ተሻግሮ ማሽኑን ሲያስነሣው ኸሊፋ በደስታ፣ «ማሻአላህ! ከእንግዲህ የኛው ነሽ» አላት።

አሁን ኸሊፋ ማሽኑ ላይ ጎንበስ ብሎ የፊልሙ ጥቅል ያለበትን ክዳን ይዳብሳል።

«ይኼ በደንብ አልገጠመም። ክዳኑን በመብራት ማን ከፈተው?»

በሩ ላይ የቆመችው መክሊት ክው አለች። ጠዋት ጋሽ ሀብተወልድ ቁርስ ሊበሉ ሲወጡ፣ የገመዱን መሰኪያ ፍለጋ ማሽኑን ዙሪያውን ስትከፋፍተው ነበር። አንድ ከባድ ክዳን አነሣች፤ ውስጡ ጥቅል ነገር አለ፣ መሰኪያ ግን የለም። ክዳኑን እንደተከፈተ ትታ በሌላው በኩል ፈለገች። የዘጋችው መሰኪያውን ካገኘች በኋላ ነው። ፊልምን ብርሃን እንደሚያበላሸው ታውቃለች፤ ያ ጥቅል ፊልም መሆኑ የገባት ግን ገና አሁን ነው።

ልትናገር አፏን ከፈተች። «የኛው ነሽ» ያላት ድምፅ ገና ከጆሮዋ አልወጣም። አፏን መልሳ ገጠመች።

«እኔ ነኝ መሰለኝ» አሉ ጋሽ ሀብተወልድ።

«እርስዎ? ጋሽ ሀብቴ፣ ስንት ዓመት ሲሠሩበት አንድ ቀን ተሳስተው ያውቃሉ?»

«እዚህ ክፍል ከእኔ ሌላ ይህን ክዳን የሚነካ ማን አለ?» ግንባራቸውን ይዘው አሰቡ። «ጠዋት አቧራ ስጠርግ ይሆናል። አዎ... ስጠርግ ነው።»

ያልሆነውን ነገር ሲያስታውሱ መክሊት ቆማ አየች።

ኸሊፋ አልተቆጣም። «አይዞዎት፣ ያጋጥማል» ብሎ ስልኩን እየነካካ ወደ በረንዳው ወጣ። የነበራቸው ጥቅል ያው አንድ ነው፤ እንዲህ ያለውን ፊልም አዲስ አበባም የሚሸጥ ከጠፋ ቆይቷል።

ጋሽ ሀብተወልድ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ባለቤቴ ዘቢደር ‹እየረሳህ ነው› ትለኛለች። በቀደም ‹ቧንቧውን ከፍተህ ሄድክ› ስትለኝ፣ እኔ አልነካሁም ብዬ ተጣላን። እስከ ዛሬ እንደተኮራረፍን ነን።» ጥቁሩን ፊልም ጉልበታቸው ላይ ጠቀለሉት። «ልክ ነበረች ለካ። ማታ ሴቻ ቤቴ ስገባ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። አባቴንም እንዲሁ ነው የጀመረው። መጨረሻ ላይ እኔን ልጁን ‹የማን ልጅ ነህ?› ይለኝ ነበር።»

«ጋሼ» አለች መክሊት። «የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

ቀና ብለው አዩዋትና ፈገግ አሉ።

«ተባረኪ የኔ ልጅ።»

«እውነቴን ነው! እርስዎ ቁርስ ሲሄዱ መሰኪያ ስፈልግ ከፍቼ ተውኩት። ቅድም ሲጠየቅ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት።»

«ስጠርግ ትዝ ይለኛል እኮ» አሉ ቀስ ብለው። «እጄ ክዳኑ ላይ ሆኖ ይታየኛል። አንቺ ገና መጀመርሽ ነው። ለሽማግሌ ብለሽ እንጀራሽን አትግፊ።»

መክሊት እየሮጠች ወደ በረንዳው ወጣች። ለኸሊፋ አንድም ሳታስቀር ነገረችው። ስልኩን ከጆሮው አውርዶ ትክ ብሎ አያት።

«ቅድም ስጠይቅ ምላስሽ የት ነበር?»

ተከታትለው ገቡ።

«ጋሽ ሀብቴ፣ እሷ ናት። ራሷ ነገረችኝ። እርስዎ ምንም አላደረጉም። ፊልሙንም አያስቡ፤ ሀዋሳ ያለ ወዳጄ ያልተነካ ጥቅል አለኝ ብሏል፣ ነገ በመኪና ይልከዋል።»

ሽማግሌው አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አዩ።

«በረንዳ ላይ ተማክራችሁ መጣችሁ?» ብለው ሳቁ። ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል። «ለእኔ ብላችሁ። እግዚአብሔር ያክብራችሁ።»

«ወላሂ፣ ጋሽ ሀብቴ!»

«ይሁን፣ ይሁን» አሉና ተነሡ።

ኸሊፋ ወደ መክሊት ዞረ። እሷ መሬት መሬት ታያለች።

ፊልም ከሌለ ሥራ የለም። ጋሽ ሀብተወልድ ማሽኑን አጠፉ፤ ከክፍሉ ወጥተው በሩን ዘጉና ጓጉንቸሩን ጫኑት። ቀጭ አለ። ጥቂት እንደተራመዱ ቆም አሉ። ተመለሱ።

«መክሊት፣ ዘጋሁት?»

«ዘግተዋል ጋሼ።»

«እስቲ አንቺ ሳቢው።»

ሳበችው። ጓጉንቸሩ ንቅንቅ አላለም። ደግማ ሳበችው። እሳቸው እጇንም ጓጉንቸሩንም አያዩም። ዓይናቸው ፊቷ ላይ ነው፤ እስክትነግራቸው ይጠብቃሉ።