ጣርማበር ላይ
እናትነሽ ትንሿን የስፖርት መኪና ከደብረ ሲና አስነስታ የጣርማበርን ዳገት ወጣች። ከባሏ ጋር ስንት ጊዜ ተከራክረውባታል። "በቱርቦ የሚገፋ አራት ሲሊንደር ሞተር ቶሎ ይቃጠላል" ስትለው፣ ገብረጻድቅ "ዘይቱን በጊዜው ከቀየርንለት እኛንም ይቀብራል" እያለ ይስቅ ነበር። እሱ ሰሜን ጦር ግንባር ወድቆ ቀረ፤ ሞተሩ ግን ያን ሁሉ ዳገት ሳይግል፣ እያፏጨ ጨረሰው።

ዳገቱ ጫፍ ላይ መንገዱ የሚገባበት ዋሻ አፍ ላይ ስትደርስ "እውነትህን ነው፤ ረታኸኝ" ልትለው ወደ ጎን ዞረች። ወንበሩ ባዶ ነበር።

ዋሻው በር ላይ ካለው ኬላ አንድ ወታደር ከጉሙ ውስጥ ወጥቶ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለ። "ይቺ ትንሽ መኪና እንዴት ወጣችው? ብቻዎን ነዎት እትዬ?"

መርዶው ከመጣ ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠየቃት አልነበረም።

"አዎ" አለች መሪውን እንደጨበጠች። "ብቻዬን ነኝ።" ቃሉን ከአፏ ስታወጣው የመጀመሪያዋ ነበር።