የዘርይሁን ድንጋጤ

በቀይ ባሕር ላይ የቆመው የነዳጅ መቆፈሪያ ያረጀ መቆጣጠሪያው በአዲስ ሲተካ፣ አዲሱ ማሽን አደጋን ቶሎ እንዲያውቅ የአንድ ሠራተኛ ድንጋጤ ተወስዶ ተገጠመለት። የራሱን የሰጠው ዘርይሁን ነው። ድንጋጤ ደግሞ እንደ ፀጉር ተመልሶ አይበቅልም።

ቤቱ በተመለሰ ማግስት ልጁ ትንቢት ከደረጃው ተንከባልላ ወደቀች። እሱ ሻዩን ፉት አለ።

«አባዬ፣ ወደቅኩ እኮ! ‹እኔን› አትልም?» አለችው፣ የደማ ጉልበቷን ይዛ።

«እኔን» አላት። ቃሉ እንደ ገለባ ቀለለ። ልጅቷ ትንሽ ጠብቃው ወደ እናቷ ሄደች።

ወዲያው ከመቆፈሪያው ባልደረባው ኢድሪስ ደወለ።

«ማሽንህ ጉድ ነው! ዛሬ አንድ ቧንቧ ሊወድቅ ሲል፣ ‹እኔን ይድፋኝ፣ ትንቢትዬ!› ብሎ ጮኾ ሁላችንንም አተረፈን።»

«ጥሩ ነው» አለ ዘርይሁን፤ ሻዩ እንዳይቀዘቅዝበት ስልኩን ዘጋ።